እሑድ ማለዳ በሬን ያንኳኩት

ሰው ሲታመም ትኩሳት ይለካል፣ ቁስል ያሳያል። የእኔ በሽታ ግን ይህ ነው ተብሎ የሚያዝ አልነበረም። መቀመጥ አቃተኝ፣ በቃ። ስቀመጥ እነሳለሁ፤ ስነሳ ወዴት ልሄድ እንደነበር ይጠፋኛል። በር ቆልፌ መቆለፉን አራት ጊዜ አረጋግጣለሁ። የምሠራው ሆቴል ውስጥ አንሶላ በማጠፍ ነው፤ እዚያ ቢያንስ እጄ ሥራ አይፈታም። ባለፈው ሳምንት ግን እርጥቡን ከደረቁ ጋር አጥፌ አርባ አንሶላ እንደገና ታጠበ። አለቃዬ አንሶላዎቹን ራሷ ሰብስባ ወደ ማጠቢያው መለሰቻቸው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን አገር ከረገጥኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እናቴ በደወለች ቁጥር "በጣም ደህና ነኝ" እላታለሁ። ምን ልበላት? "እብድ" የሚለውን ቃል እፈራለሁ። እኛ ሰፈር አንድ ሰው እንዲያ ከተባለ እሱ ቢድን እንኳ ስሙ አይድንም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ የማንንም ስልክ ማንሳት ተውኩ፤ የእሷንም ጭምር።

እሑድ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳው አጮልቄ ሳይ ሊቀመንበሩ ቆሟል። ሊቀመንበር የምንለው የተገኘበትን ስብሰባ ሁሉ ስለሚመራ ነው፣ የልደት ግብዣም ቢሆን። ጥቁር ኮት ለብሷል። ከጎኑ ነርሷ አለች፤ እዚህ ሆስፒታል የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት። ሻርፕ ተከናንባለች። ከኋላቸው የአክስቴ ልጅ አንገቱን ደፍቷል።

የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ማብራሪያ አይፈልግም። ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ሐዘንተኛው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ማልዶ ደጁ ይቆማል።

በሩን ከፈትኩት። "እማዬን ነው አይደል?" አልኩ።

"ኧረ አይደለም! መጀመሪያ ግባና ተቀመጥ" አለ ሊቀመንበሩ።

ተቀመጥ! መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። "በርታ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?" ብሎ ደግሞ በእሳት ላይ ጭድ ጨመረበት።

ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ደረቴን መታሁ። "እማዬ! ስልክሽን ሳላነሳው! እኔን አፈር ይብላኝ!" ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ፤ ማን ሰምቶት። አንዴ አፌ ከተከፈተ በኋላ መያዣ አጣሁለት። እንቅልፍ ከጠፋኝ ወራት መቆጠሩን ጮህኩ። ምግብ እንደማይወርድልኝ ጮህኩ። "ባቡር ስጠብቅ ከሐዲዱ ርቄ ግድግዳ ሙጥኝ ብዬ ነው የምቆመው፣ ራሴን አላምነውማ!" አልኩ።

ይህን ስል ነርሷ አጠገቤ ተንበርክካ ሁለት እጆቼን ያዘቻቸው።

"ስማኝ። እናትህ አልሞተችም። ማንም አልሞተም። የመጣነው ለአንተ ነው።"

"ስልክ አላነሳ ስትል ጨነቀን" አለ የአክስቴ ልጅ። "ሥራ ሳትወጣ እንድንደርስብህ ብለን ነው የማለድነው።"

ደሜ ፈላ። "እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም? ሦስት ሆኖ፣ በዚህ ሰዓት፣ በጥቁር ኮት ይመጣል?"

"ያለኝ ኮት ይሄው ነው" አለ ሊቀመንበሩ ደንግጦ።

ሳቄ መጣ፤ ግን መንገድ ላይ ተመልሶ ልቅሶ ሆነ። ደግሞም አላመንኳቸውም፤ ድምጿን ካልሰማሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። የአክስቴ ልጅ ለእናቴ ደውሎ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"አንተ ልጅ! የት ገብተህ ነው?" አለች እናቴ። በሕይወት አለች፤ ያውም ተቆጥታ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ አልቆም አለ።

ሰማችኝ። "ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም።"

"ታዲያ ማንን ነው የምታለቅሰው?"

ጉንፋን ነው ልላት ነበር። ሦስቱም ያዩኛል።

"ራሴን" አልኳት። "አሞኛል እማዬ። አእምሮዬን ነው ያመመኝ።"

 ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"አጠገብህ ሰው አለ?" አለች።

"ሦስት ሰዎች አሉ።"

"ለትልቁ ስጠው።"

ሊቀመንበሩ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

"ልጄ ልቅሶ ላይ ነው" አለችው።  "የሞተ ስለሌለ ልቅሶ አይደለም እንዳትሉኝ። ልቅሶ ቤት ሰው ብቻውን አይተውም፣ አይደል ወንድሜ? እኔ መድረስ አልችልም። እናንተ ተቀመጡልኝ።"

"ሐኪም ጋ ዛሬውኑ አብሬው እሄዳለሁ፣ እማማ" አለች ነርሷ።

ሊቀመንበሩ ግን "እሺ" ብቻ አለና ከነኮቱ ወለሉ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።