የወዳጅ ገጀራ

መሰረት ማለዳ ስትነቃ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ቡናዋን ነው የምታየው። ቅጠሉ ወይቦ እንደሆነ ደጃፏ ላይ ቆማ ታጣራለች፤ አንዱ ጠውለግ ያለ ከመሰላት ሮጣ ሄዳ ትዳስሰዋለች። ብትፈራ አይፈረድባትም። ወርቃ ቀበሌ ውስጥ እሷና ባሏ ታዲዮስ ያላቸው ማሳ ይኸው ነው፤ ከላይኛው ጫፍ ያሉትን የቡና እግሮች ደግሞ ቡና የሚያደርቀው የሻጋታ በሽታ ጨርሷቸዋል።

ከገደብ ከተማ የምትመጣው የግብርና ባለሙያ መነን በተቀቀለ ገብስ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ሻጋታ ሰጥታት ነበር። ትሪኮደርማ ይባላል። መሰረት አፍንጫዋን ይዛ ነው የተቀበለችው። በገዛ እጄ ሌላ በሽታ ማሳዬ ላይ ልዝራ እንዴ ብላ ስታመነታ ከረመች።

"ይኼኛው ወዳጅ ነው" አለቻት መነን። "ሥሩ ዙሪያ ቀድሞ ከሰፈረ ያንን ክፉ ሻጋታ መድረሻ ያሳጣዋል፤ ይበላዋልም። ግን አፈሩን ይጠብቅልሻል እንጂ ግንዱን አይጠብቅልሽም። ከታመመ ማሳ የመጣ ገጀራ ልጡን ከጫረው በሽታው በቁስሉ ይገባል። ማንም ይሁን ማን፣ ገጀራውን በእሳት ሳያሳልፍ እንዳታስገቢው!"

መሰረት ሻጋታውን ከብስባሽ ጋር ቀላቅላ ደህናዎቹ እግሮች ሥር ነሰነሰችው። ዝናቡም አገዛት፤ ቅጠሉ ልምላሜውን ሳይለቅ ከረመ። እፎይ ልትል ስትል ታዲዮስ ከዛፍ ወድቆ እግሩን ሰበረና አረሙ ማሳውን ዋጠው።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሳይጠሩ መጡ። ገጀራቸውን ይዘው፣ እየዘመሩ በሩ ላይ ደረሱ። ደግ ሰዎች ናቸው። ግን በየጓሮው በበሽታው የደረቀ ቡና በዚሁ ገጀራ በጨለማ እየተቆረጠ ማገዶ እንደሚሆን አገር ያውቃል፤ ማሳዬ ታሟል ብሎ የሚናገር ብቻ የለም።

መሰረት ቶሎ ብላ እንጨት መደርደር ጀመረች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ታዲዮስ ከመኝታው።

"ገጀራቸውን በእሳት እንዲያሳልፉ ልለምናቸው።"

"ሊረዱኝ የመጡትን ሰዎች በሽታ አመጣችሁብን ልትያቸው? ተይ በፈጠረሽ፣ አታዋርጂኝ!"

ይሉኝታ የሚሉት ነገር እኮ ከበሽታም ይብሳል። እንጨቱን በእግሯ ገፋ አድርጋ "ጌታ ይባርካችሁ፣ ግቡ" አለች። ገቡ።

ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ዋለች። ገጀራ በተሰነዘረ ቁጥር ትሳቀቃለች፤ "ግንዱን ተጠንቀቁ" ልትል ትጀምርና ትውጠዋለች። ከሁሉ የፈራችው ሽማግሌውን አባባ ሽብሩን ነበር፤ ማሳቸው ክፉኛ መመታቱን ሰምታለች። ውሃ የምታቀብል መስላ ተከተለቻቸው። ተጎንብሰው አረሙን በእጃቸው ይነቅላሉ። ገጀራ አልያዙም።

"አባባ፣ እጅዎ ተላጠ እኮ! ገጀራ ላምጣልዎ?"

ግራ ቀኝ ገላመጡ። "ተይኝ ልጄ። ቡናዬ ታሟል። መነን ላንቺ የነገረችሽን ለእኔም ነግራኛለች። እያወቅኩ ገጀራዬን ይዤ ያንቺ ማሳ ልግባ? ደግሞ ለሰው እንዳታወሪ።"

መሰረት እንባዋ መጣ። ስትፈራቸው የዋለቻቸው ሰው ለካ ለእሷ ሲፈሩላት ነው የዋሉት። "ታዲያ ገጀራውን ቤት ተዉት?" አለች፣ ለወግ ያህል።

ሽማግሌው ከተጎነበሱበት ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ከእኛ ጋር የመጣው ደጀኔ ትናንት ማታ ተዋሰኝ። ለምን አይሰጡኝም ቢለኝ ምን እላለሁ ብዬ ሰጠሁት… ለቤቱ ሥራ መስሎኝ ነው ልጄ!"

መሰረት ውሃውን ጥላ ሮጠች። "ደጀኔ! አቁም! አቁም!" ጩኸቷ ማሳውን አናወጠው፤ መዝሙሩ ቀጥ አለ።

ደጀኔ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ከላይ ጀምሮ ወርዶ ወርዶ፣ መደዳውን ጨርሶ ላቡን ይጠርጋል። "ምነው፣ እባብ ነው?"

እሷ ግን ከኋላው ያሉትን ግንዶች ነበር የምታየው። ከአፈሩ ከፍ ብሎ፣ ወዳጁ ሻጋታ በማይደርስበት በኩል፣ እዚህም እዚያም ልጣቸው ተጭሮ እርጥቡ ነጭ እንጨት ይታያል።

"ትንሽ ነው እኮ የነካኋቸው" አለ ደጀኔ ዓይኗን ተከትሎ። "አይዞሽ፣ ይሽራል።"

መሰረት እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። አሁን አገር እስኪሰማ የጮኸችው ሴት ጠዋት በር ላይ ገጀራችሁን በእሳት አሳልፉ የምትል አንዲት ቃል ማውጣት አቅቷት ነበር።