ለእንግዳ የተለቀለቀ ግድግዳ

፩

ጭቃው ገና እርጥብ ነው። እትዬ ውድነሽ እጃቸውን ሳይታጠቡ ቆመው ያዩታል። ከጭድ ጋር አቡክተው ስንጥቁን ሁሉ ደፍነውታል፤ ነገ ደግሞ መጋረጃ ይሰቀልበታል። ከጀርባው ያሉትን ቋሚዎች ምስጥ እንደጨረሳቸው አሁን ማንም ቢገባ አያውቅም።

አምሮበታል።

ነገ እንግዳ ይመጣል።

፪

እንግዳ ያልኳቸው የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክረምት ሳይገባ በየመንደሩ እየዞሩ ከሁሉ የባሰውን ቤት ይመርጣሉ፣ ያፈርሱታል፣ እንደገና ይሠሩታል። ለዚህ ወንዝ ዳር መንደር የተመደበው እንጨትና ቆርቆሮ ከአንድ ቤት አያልፍም።

እዚያ ግድግዳ ሥር የእትዬ ውድነሽ ባል ጋሽ ደምሴ ተኝተዋል። ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም። አልጋውን ወደ ሌላ ጥግ እናዙረው ቢባል ሌላ ጥግ የለም። ዘንድሮ ዝናቡ ከጠና ግድግዳው እሳቸው ላይ ነው የሚወድቀው፤ ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ምርጫው ምን ያስቸግራል ትላላችሁ። እኔም ይህን ታሪክ ስጀምር እንደዚያው ብዬ ነበር።

፫

እንግዳ ሲመጣብሽ፦

ጥረጊ። ለቅልቂ። የሌለሽን ተዋሺ። የታመመ ካለ ፊቱን አጥበሽ ልብስ ቀይሪለት። እንዴት ናችሁ ሲሉሽ አመስግኚ። የሚጠጣ ሳትሰጪ ስለ ችግርሽ ትንፍሽ አትበይ፤ ጉዳይ የሚነሳው እንግዳው ጉሮሮውን ካረጠበ በኋላ ነው።

ይህን ለእትዬ ውድነሽ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። እናታቸው ቤት ሲያዩት አድገው ነው።

፬

የተዋሱት ሁሉ ከአንድ ቤት ነው፤ ከጎረቤታቸው ከአስካለ።

መጋረጃው የእሷ ነው። ወንበሮቹ፣ ምንጣፉ፣ የአልጋ ልብሱ የእሷ ናቸው። ፔርሙዙና ብርጭቆዎቹም እንደዚያው።

አስካለ ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ግድግዳዋ ደህና ነው፣ ጣሪያዋ ግን ወንፊት ሆኗል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቿ ሲያስሉ ያድራሉ። «ይውሰዱት እትዬ፣ የእርስዎ ይብሳል» አለችና ከልጆቹ ፍራሽ በቀር ቤቷን

ባዶ

አደረገችው።

፭

የተባባሉት እንዳለ ይኸውና። ፍሬው የሚባለው አስተባባሪው ነው፤ ቢጫ ቲሸርት ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ፍሬው፦ እንደምን ዋሉ እማማ?

እትዬ ውድነሽ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ እንጂ ልጆቼ፣ አረፍ በሉ።

ፍሬው፦ ብዙ ቤት ይቀረናል። ቤቱ እንዴት ነው፣ ያስቸግራችኋል?

እትዬ ውድነሽ፦ ምን ይላል፣ ተመስገን ነው። ሻይ ልቅዳላችሁ።

ጋሽ ደምሴ፦ ውድነሽ፣ ንገሪያቸው።

እትዬ ውድነሽ፦ ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ይጠጡ።

ፍሬው፦ (መጋረጃውን፣ ምንጣፉን፣ ወንበሩን እያየ) የለም፣ እንቸኩላለን። ደስ የሚል ቤት ነው እማማ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሄዱ።

፮

በእትዬ ውድነሽ ልናደድ ፈልጌ ነበር። አንጀቴ እምቢ አለኝ።

እትዬ ውድነሽ ፔርሙዙን እንደያዙ ቀሩ። ሊናገሩ ነበር እኮ። አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ከዚያ «ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላዋያችሁ» ሊሉ፣ መጋረጃውን ገለጥ ሊያደርጉ። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሲያሰናዱ ነው ያደሩት። ሻይ ሳይጠጣ የሚሄድ እንግዳ ይኖራል ብለው አላሰቡም።

፯

ከጎረቤት የፍሬው ድምፅ ይሰማል።

«ይሄ ነው። ምንም ነገር የላቸውም እኮ። በሉ እዚህ ለኩ።»

ወዲያው የአስካለ እልልታ ቀለጠ።

ጋሽ ደምሴ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ አዳመጡ። «ይሁን፣ ልጆቹ ይድናሉ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስሚ ውድነሽ፣ ዝናቡ ሲጀምር አንቺ እነሱ ጋ እደሪ።»

«አንተስ?»

ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን እንኳ ሳይለብሱ ወጡ።

፰

አስካለ ባየቻቸው ጊዜ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «ደረሰን እትዬ! ልጆቼ ከሳል ሊገላገሉ ነው» ትላለች፣ ታለቅሳለች። ከዚያ ፊታቸውን አየችው። እጇ ቀስ እያለ ከትከሻቸው ወረደ።

ቤቱ ውስጥ በሜትር የሚለኩት በጎ ፈቃደኞች ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። እትዬ ውድነሽ እውነቱን ከተናገሩ አስካለ ድሃ ለመምሰል ዕቃዋን ያሸሸች ትባላለች፤ ዕድሉም ከልጆቿ ላይ ይነሳል። ዝም ካሉ ደግሞ ጋሽ ደምሴ እዚያው ግድግዳ ሥር ናቸው። ከእኔ አንድ ቃል ቢፈልጉ የምሰጣቸው የለኝም። እስካሁን ስለ እሳቸው ስናገር ቆየሁ፣ እዚህ ላይ ግን አፌ ተያዘ። እናንተ ብትሆኑ?

ፍሬው፦ እማማ፣ ምን ልርዳዎት?

እትዬ ውድነሽ፦