አባ ጥቅል በሩን የከፈተ ቀን

የእህቴ ልጅ አትክልት የምትበላው ከተረት ጋር ብቻ ነበር። ተረቱም በእናቷ ድምፅ ካልሆነ አይሆንም። እናቷ ደግሞ ሞታለች።

እኔ የሆቴል ሰላጣ ቆራጭ ነኝ። ካሮት አቅጥኜ ስከትፍ ያየኝ ሁሉ ይደነቃል፤ ተረት ላይ ግን ድንጋይ ነኝ። ተረት የእህቴ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር እሸት አተሩንም ለጋ ሰላጣውንም አፍ አውጥተው እንዲያወሩ ታደርግ ነበር። ልጅቷ ከሁሉ የምትወደው የካሮቷን ነው። ካሮቷ ዝናብ ደብድቧት የአባ ጥቅልን በር ታንኳኳለች። አባ ጥቅል ጎመን ግን ቅጠል በቅጠል ላይ ደራርቦ አልከፍትም ይላል። ኋላ ፀፅቶት ሲከፍት ካሮቷ፣ “ይቅርብኝ፣ የራሴ ጓሮ አለኝ” ብላው ትሄዳለች።

ልጅቷ አታውቅም እንጂ አባ ጥቅል አባታችን ነው። እህቴ ያለ ባል ስታረግዝ ከቤት አባረራት። ከዓመታት በኋላ እንዲታረቁ እኔን ቢልከኝ፣ እሷም “ይቅርብኝ” አለች። እንደተኳረፉ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ ምግብ እርም አለች። ክሊኒክ ሚዛን ላይ ስትወጣ ነርሷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጨነቀኝና በእህቴ ድምፅ፣ “ካሮቷ ዝናብ ደብድቧት…” አልኩ። ድሮም በስልክ የእኔና የእህቴ ድምፅ ለሰው ይምታታ ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

ከዚያ ወዲህ በየምሳው ትጨፍናለች፣ እኔም አወራለሁ። ሳወራ ጉሮሮዬ የኔ አይመስለኝም። እህቴ ትስቅበት የነበረው ቦታ ስደርስ ሳላስበው እስቃለሁ። ዝም ካልኩ በኋላም ድምፁ ኩሽናው ውስጥ የቀረ ይመስለኝ ነበር። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ጉንጯ ሲሞላ እያየሁ እንዴት ልተው?

በፀደይ አንድ የበዓል ቀን ዘመድ አዝማዱ ምሳ ላይ እኛ ቤት ተሰበሰበ። አባባም ዓይኑ ስለደከመ ግድግዳ እየዳበሰ መጣ። ትልቁን ሳህን ሰላጣ ሳሎን አስቀምጬ ልጅቷን ለብቻዋ ኩሽና ይዣት ገባሁ። ተረቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ፤ አባባ ነው።

“ልጄ… አንቺ ነሽ?” አለ።

መሞቷን ያውቃል። ሬሳ ሳጥኗን የተሸከመ ሰው ነው። ቢሆንም ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

“ድምፅሽን ሰማሁት” አለ። “ያን ቀን በሩን ስዘጋብሽ እንዲህ መች መሰለኝ። ይቅር በይኝ።”

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አንጀቴን በላኝ። በእህቴ ድምፅ ተረቱን ቀጠልኩ፦ “አባ ጥቅል በሩን ሲከፍት ካሮቷ ገባች። ይቅር ብዬሃለሁ አባባ፣ አለችው።”

አባባ መቃኑን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ ሳሎን ተመልሶ ሁለት ሳህን ሰላጣ እንደበላ ነገሩኝ።

ልጅቷ ግን ዓይኗን ገልጣለች።

“እማዬ እንደዚያ አትልም” አለችኝ።

“በዓል ስለሆነ ነው የኔ ቆንጆ። ለበዓል ትታረቃለች።”

“አትልም። ካሮቷ አትገባም።” ፊቴን አፌን ደጋግማ አየች። “አንቺ ነሽ እንዴ?”

ውሸት አለቀብኝ። “አዎ፣ እኔ ነኝ” አልኳት፣ በራሴ ድምፅ።

“ሁልጊዜም?”

“ሁልጊዜም።”

ታለቅሳለች ብዬ እቅፌን አዘጋጀሁ። እሷ ግን ሹካውን ከእጄ ወስዳ ሳህኑ ላይ ያለውን እስኪያልቅ በላችው፤ ያመለጣትን አተር ሳይቀር።

አሁን የሰጠኋትን ሁሉ ትበላለች። ነርሷ በቀደም ክብደቷን አይታ አመሰገነችኝ። ተረት አትጠይቅም፣ ዓይኗንም አትጨፍንም። ናፍቆቱ የባሰብኝ እኔ ነኝ። ትናንት ካሮት እየከተፍኩ ብቻዬን ነኝ ብዬ ያንን ድምፅ በሹክሹክታ ሞከርኩት። ልጅቷ ለካ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

ቀሚሴን ያዝ አድርጋ፣ “ተይ አክስቴ” አለችኝ። “ካሮቷን ስላስገባናት እማዬ ተቀይማናለች።”