ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መኪና አያልፍም

ልጆቹ እትዬ ፊሽካ ይሏታል። የትምህርት ቤቱን በር መጠበቅ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ድምጿ ግን ወፍራም ነው። ማን ቁርሱን ሳይበላ እንደመጣ፣ ማን የቤት ሥራውን በር ላይ ቆሞ እንደሚገለብጥ፣ ማን ከእናቱ ጋር ተኳርፎ እንደወጣ ከአረማመዱ ትለያለች።

በሩ ያለበት መንገድ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የትምህርት ቤቱ አጥር፣ በሌላው በኩል ክዳኑ የተሰባበረ የፍሳሽ ቦይ አለ። ሁለት መኪና በወጉ በማያስተላልፈው በዚህ መንገድ ጠዋት ጠዋት ከመቶ በላይ መኪና ይገባል። ሁሉም በሩ አፍ ላይ ካላወረደ ልጁን ያደረሰ አይመስለውም። አንዱ የእግረኛው መንገድ ላይ ይወጣል፣ አንዱ መሀል ላይ ቆሞ የልጁን ደብተር ከወንበር ስር ይፈልጋል፣ ከኋላው ያለው ክላክሱን ይለቅበታል። በእግራቸው የሚመጡት ልጆች በመኪኖቹ መሀል እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ። እትዬ ፊሽካም በዚያ ትርምስ ውስጥ ፊሽካዋን እየነፋች፣ የመኪና ኮፈን በመዳፏ እየደበደበች ልጅ ታሻግራለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ጆሮዋ ውስጥ ክላክሱ አይጠፋም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ስትፈራው የኖረችው ነገር ደረሰ። በሰፈሩ ልብስ የምትሰፋ የአንዲት እናት ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቆመ መኪና ጀርባ ብቅ አለች። ልጆቿን ያወረደች አንዲት ሴት ነጭ መኪናዋን ወደ ኋላ እየመለሰች ነበር። እትዬ ፊሽካ አይታ ትንፋሿ እስኪያልቅ ነፋች። ሆኖም በዚያ መንገድ የፊሽካ ድምፅ ሰሚ ካጣ ቆይቷል፤ የነጩ መኪና መስኮትም ድፍን ብሎ ተዘግቷል። የኋላ ጎማው የልጅቷ ቀኝ እግር ላይ ወጥቶ ቆመ።

መኪናው ወደ ፊት ተነድቶ እትዬ ፊሽካ ልጅቷን ስታነሳት ፊቷ አመድ መስሏል። አላለቀሰችም። ጫማዋን ብቻ ነበር የምታየው።

«ጫማዬ ተቀደደ» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ ትቆጣኛለች።»

ይህ ቃል በእትዬ ፊሽካ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በኋላ ከሐኪም ቤት ሁለት አጥንቶች መሰበራቸው ሲነገራት እንኳ የምትሰማው የጫማውን ነገር ነበር። የነጩ መኪና ባለቤት የጥርስ ሐኪም ናት። ያን ጠዋት የቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ስታለቅስ ባየቻት ጊዜ እትዬ ፊሽካ ለስድብ አፏን ከፍታ ነበር፤ ስድቡ ግን አልመጣላትም።

ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ወረቀት በተነ፤ ጠዋት ጠዋት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ በትሕትና የሚጠይቅ ወረቀት። ዓርብ ዕለት መንገዱ ጭምት ሆነ። ሰኞ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። አንድ አባትማ ወረቀቱን የፊት መስታወቱ ስር እንዳጋደመው መጥቶ የእግረኛው መንገድ ላይ ሲወጣ አየችው።

ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ዳይሬክተሩ በዕድሜ ልጇ የሚሆን፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው። መንገዱን ጠዋት ለአንድ ሰዓት እንዝጋው አለችው። እሱም መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ እንጂ የትምህርት ቤቱ እንዳልሆነ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ጽፎ መልስ እንዳላገኘ እየተቅለሰለሰ አስረዳት።

«እስከ መቼ እንጠብቅ?» አለችው።

«መልስ እስኪመጣ ነዋ፣ እትዬ።»

ወደ በሯ ተመለሰች።

ባሏ ወገቡ እምቢ ብሎት ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ነገሩን ስትነግረው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ በሩ ላይ መዝጋት ዋጋ እንደሌለው ነገራት፤ የገባው ሁሉ እዚያው ተወትፎ ይቀራል አላት። እሑድ ከሰዓት መንገዱ ጭር ሲል በዱላው እየተደገፈ አብሯት ሄደ። ከበሩ ጀምሮ እርምጃውን እየቆጠረ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጋ ሲደርስ መቶ ሃያ ላይ ቆመ። እዚያ መንገዱ እንደ አውድማ ሰፋ ይላል።

«እዚህ ዝጊው» አላት። «መኪናው ይዞራል፣ ልጁን ያወርዳል፣ ይሄዳል። ወደ ኋላ መንዳት አያስፈልገውም። ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ያላየውን ነው የሚነዳው፤ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ ነው የምልሽ።»

«ከሥራ ቢያባርሩኝስ?»

«እንግዲያው ሁለታችንም ሶፋ ላይ እንጋደማለና» አለና መንገዱ ላይ በዱላው ጫፍ ምልክት አደረገ።

ሰኞ ጠዋት ገና ሰው ሳይመጣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር አራት የተሰባበሩ ዴስኮች ከዕቃ ቤት አውጥታ መንገዱ ላይ ደረደረች። አንድ የጥቁር ሰሌዳ ስባሪ አስደግፋ በጠመኔ «ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መኪና አያልፍም» ብላ ጻፈች።

ያን ቀን ያልሰማችው ነገር የለም። ገሚሱ አብዳለች አለ፣ ገሚሱ ማን ሾማት አለ። ጥቂቶች ልጆቻቸውን አውርደው እየተነጫነጩም ቢሆን ዞረው ሄዱ። ሁሉም ኢንጂነሩ የሚለው የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ከትልቁ ጥቁር መኪናው ወርዶ አንዱን ዴስክ በእግሩ ገፋና አልፎ ሄደ። እሷም ዴስኩን ወደ ቦታው መለሰች። ሲመለስ እንደገና ገፋው። እንደገና መለሰች።

ረፋዱ ላይ ዳይሬክተሩ አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ማስጠንቀቂያ ነበር። ኮሚቴው እንደተቆጣ፣ እሱም ቢሆን እጁ እንደታሰረ፣ ደብዳቤው ለፎርማሊቲ ያህል ብቻ እንደሆነ ዓይኗን ሳያይ ነገራት። እሷ ወረቀቱን ቀስ ብላ አነበበችና ፈረመች።

«ፈርሜያለሁ። ነገም አወጣቸዋለሁ» አለችው። «ከፈለጉ የነገውን ማስጠንቀቂያ አሁኑኑ ይጻፉልኝና በዚሁ እስክሪብቶ ልፈርምልዎት።»

ማክሰኞ ስትመጣ የዕቃ ቤቱ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ከጥበቃ ቤቷ ውስጥ የምትቀመጥባትን በርጩማ አንስታ ወጣች፣ መደብሩ ጋ ስትደርስ መሀል መንገዱ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችባት።

ጥቁሩ መኪና ከሩቅ አይቷትም ፍጥነቱን አልቀነሰም። ደርሶ ሲቆም ከጉልበቷ አንድ ክንድ አይርቅም፤ የሞተሩ ሙቀት ቅልጥሟን ለበለበው። ቀሚሷን በጉልበቶቿ ላይ ወደ ታች ሳበች። ኢንጂነሩ ክላክሱን ተጭኖ ቆየ። አልተነሳችም። መስኮቱን አውርዶ አንገቱን አወጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መንገዱ የአባትሽ ቤት መሰለሽ?»

«የአባቴ አይደለም። የአባትዎም አይደለም» አለችው። «እስከ ሁለት ሰዓት የልጆቹ ነው።»

«ብገጭሽስ?»

«እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጌታዬ። ያየሁትን አይቻለሁ። ከኋላዬ የሚያልፉት ስምንት ዓመታቸው ነው። መግጨት ካለብዎት በእኔ ይጀምሩ።»

ከኋላው መኪኖች ተደረደሩ። ሰው እየወረደ ከበበ። እትዬ ፊሽካ ስንቱ ከእሷ ጋር፣ ስንቱ በእሷ ላይ እንደሆነ መለየት አቃታት። ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ የስፌት ወንበሯን በጭንቅላቷ ተሸክማ መጣች። ልጇ ገና አልጋ ላይ ናት። ወንበሩን ከእትዬ ፊሽካ በርጩማ ጎን አስቀምጣ ተቀመጠችና፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ከሥራ ቀሚሷ ላይ ክር መልቀም ጀመረች።

ሦስተኛዋን ማንም አልጠበቃትም። ነጩ መኪና ከሰልፉ ወጥቶ በዳር በኩል ቀስ ብሎ መጣ። የጥርስ ሐኪሟ መኪናውን ከሁለቱ ሴቶች ጀርባ አግድም አዞረችና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘጋችው። ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ከተተች፣ ልጆቿን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። ልብስ ሰፊዋ አየቻት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ፈቀቅ አለችላት።

የጥቁሩ መኪና የኋላ በር ተከፈተ። የኢንጂነሩ ሴት ልጅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደችና፣ አባቷ በስሟ ሲጣራ ሳትዞር ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተቀላቀለች። ልጆቹ መሀል መንገዱን ይዘው ሄዱ። አንዳንዱ ዝም ብሎ ለመሮጥ ያህል ሮጠ። እትዬ ፊሽካ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ የልጆች ጫማ ኮቴ ሰማች።

ኢንጂነሩ የደወለለት ትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ ማን እንደዘጋው ጠየቀ። ሦስቱም ሴቶች በአንድ አፍ «እኔ» አሉ። ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን አሸ፣ ወደ በሩ ሄዶ አይቶ ተመለሰ። ለሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ልጆቹ ሁሉ ገብተው መንገዱ ባዶ ሆኖ ነበር። በደብተሩ ጻፈ። ጉዳዩን ለማዘጋጃ ቤቱ እንደሚያስተላልፍ ነገራቸው፤ መኪናዋን ግን ከመንገዱ አንሺ ብሎ የጥርስ ሐኪሟን አዘዛት። ሁለት ሰዓት ሲሞላ አነሳች፤ ከዚያ በፊት ግን ወይ ፍንክች።

ረቡዕ ከየቤቱ የመጡት ወንበሮች ሰባት ነበሩ። ሐሙስ አሥራ አንድ ሆኑ፤ ከነዚህ ውስጥ አንዱ ላይ የእትዬ ፊሽካ ባል ወገቡን በትራስ ደግፎ ተቀምጦ ሹፌሮችን እንዴት እንደሚዞሩ ያዝዝ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ዳይሬክተሩ መጥቶ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በእጇ ላይ አስቀመጠላት። ማስጠንቀቂያውን ከማኅደሯ ላወጣው ወይ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም አውጣልኝ አላለችም።

ከማዘጋጃ ቤቱ ሰው የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት ነበር፤ መንገዱን በሜትር ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ጥበቃ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቅጽ መሙላት ጀመረ። ለአንድ ወር ለሙከራ ሊፈቀድ እንደሚችል ነገራት።

«ከወሩ በኋላስ?» አለችው።

«ተጠንቶ ይወሰናል፣ እናቴ።»

«አጥኑት። እኔ ዴስኮቹን እያወጣሁ እጠብቃችኋለሁ።»

ወጣቱ ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። ቅጹ ላይ መንገዱ በማን ትእዛዝ እንደተዘጋ የሚጠይቅ ቦታ ነበር፤ በዚህ ላይ ምን ልጻፍ ብሎ ጠየቃት። ዳይሬክተሩ ከበስተኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ኮሚቴው ብሎ እንዲጽፍ ሐሳብ ሊያቀርብ ነበር።

«በበር ጠባቂዋ ትእዛዝ ብለህ ጻፍ» አለች እትዬ ፊሽካ። ሲጽፍም ፊደል እንዳይስት አንገቷን አስግጋ ተመለከተችው።