የአሳማው ጭንቅላት ዕጣ

ሌላው ሰው ቂሙን በሆዱ ይይዛል፤ ኢሊዮዶር ግን ቀን እየቆጠረ ነው የሚይዘው። የሳሞአዎቹ ሹም ሴኡሊ በሰው ሁሉ ፊት የአሳማ ጭንቅላት በሳህን ካስላከለት አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ጭንቅላቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቅ ነበር። ኢሊዮዶር እስከ ዛሬ ፊቱ የሚስቅ ሰው ሲያይ ትዝ የሚለው ያ አሳማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃይቲዎቹ ኦሽንሳይድ ከተማ የገቡት ከብራዚል ተነሥተው፣ ዘጠኝ አገር በእግርና በአውቶቡስ አቆራርጠው፣ ጫማቸው አልቆ፣ የመዝሙር መጽሐፋቸው ብቻ ሳይነካ ነው። ሳሞአዎቹ ግን አባቶቻቸው በባሕር ኃይል ተቀጥረው ከመጡ ሁለት ትውልድ አልፏል። ወረቀት አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን አላቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አውሮፕላን የሚያሳድር አዳራሽ አላቸው። ያንን አዳራሽ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለሃይቲዎቹ በነጻ ለቀቁላቸው። ሁለት ዓመት በሰላም ተዘመረበት።

ከዚያ ያ ድግስ መጣ። ሳሞአዎች ዘንድ አሳማ እንዲያው ዝም ብሎ አይቆረስም፤ እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው። ጀርባው የሹምና የክቡር እንግዳ ነው። ታፋው ንግግር የሚያውቅ ሽማግሌ ድርሻ ነው። ኢሊዮዶር የሃይቲዎቹ ሽማግሌ ነውና ጀርባውን ሲጠብቅ ጭንቅላቱ መጣ። አጠገቡ የተቀመጠችውን አሮጊት፣ «ይሄ ለማን ነው የሚሰጠው?» ቢላት፣ «ምድጃ ላይ ለሚሠሩት ጎረምሶች» አለችው እያኘከች። ኢሊዮዶር ባርኔጣውን ደፋ። ተነሣ። ስልሳ ሦስት ሰው፣ እኩሌታው ጎደሬ በአፉ እንደያዘ፣ ተከትሎት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የሚያመልኩት ጎሚስታ ቤት ጀርባ ነው። ፓስተሩ «ጌታ ይናገራል» ሲል የጎማ መንፊያው ቀድሞ ይናገራል። አሁን ደግሞ ጎሚስታው «ለወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ» ብሏቸዋል። የዘማሪዎቹ አለቃ ማዳም ፊሎሜን በየጸሎቷ መዝጊያ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጌታ ሆይ፣ በአሳማ ጭንቅላት ምክንያት መንጋህን ሜዳ ላይ የጣለውን ሰው ይቅር በለው፤ ስሙን አንተ ታውቀዋለህ» ትላለች። ጉባኤው በሙሉ ዞሮ ኢሊዮዶርን ያያል።

ስለዚህ ከተማው አንድ ሥራ የፈታ የዳንስ አዳራሽ ለአምስት ዓመት በነጻ ሊሰጥ ነው የተባለ ቀን፣ ኢሊዮዶር ሰማይ የተከፈተለት መሰለው። አዳራሹ ኑሮው ለከፋበት ማኅበር ነው የሚሰጠው። ሦስት ማኅበር አመልክቷል፦ ሃይቲዎቹ፣ አንድ የወፍ ተመልካቾች ክበብ የሚባል፣ እና ምን ቢያጡ ነው እንጃ፣ ሳሞአዎቹ። ለቅሶ ሲሆን ሦስት መቶ ዘመድ ይመጣብናል፣ ጠበበን ብለው ነው። ወይዘሮ ሃስከል የምትባል የከተማው ሠራተኛ አርባ ጥያቄ ያለው ፎርም ይዛ፣ ሰው በሚገኝበት በእሁድ ቀን፣ የሁሉንም ኑሮ እያየች ታወዳድራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ኢሊዮዶር ጉባኤውን ሰበሰበ።

«ስሙኝ» አለ፤ «ነገ አዲስ ልብስ የለም። ባርኔጣ የለም። ሽቶ የለም። ምግብ የለም። ነገ ድሆች ነን።»

«ዛሬስ ምንድን ነን?» አለ የሆቴል አንሶላ አጣቢው ኦዲሎን።

«ዛሬም ነን፤ ነገ ግን ይታይ ነው የምልህ!»

ማዳም ፊሎሜን ተነሣች። «ወንድም ኢሊዮዶር፣ እኔ በጌታ ፊት በቤት ቀሚስ ልቁም? ያውም ፈረንጅ እያየችኝ?»

«ጌታ ጓዳሽን ያውቀዋል።»

«ጌታ ያውቀዋል፤ እሷ ለምን ታውቀዋለች?»

ቢሆንም ተስማሙ። እጃቸውን አውጥተው ማሉ።

እሁድ ጠዋት ኢሊዮዶር ክርኑ የተቀደደ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እውነቱን ለመናገር ተኩሶታል፤ በእጅጌው መስመር ዳቦ ይቆረስ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ሲጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ቢጫ ባርኔጣ ብቅ አለ፤ ከጎኑ ወይን ጠጅ፤ ከኋላው ላባ ያለው። ሴቶቹ በዳንቴል፣ ወንዶቹ በክራባት፣ ሕፃናቱ በነጭ ካልሲ ተሰልፈው መጡ። ሽቶው የጎማውን ሽታ እንኳ አሸነፈው። ለካ እያንዳንዱ ሌሊቱን ሲያስብ፣ «ሌሎቹ ድሃ መስለው ይመጣሉ፤ ቢያንስ እኔ እንኳ ባላሳፍራቸው» ብሎ ነው።

«ምነው ማዳም ፊሎሜን! ማልሽ እኮ!»

«የማልኩትማ ለቀሚሱ ነው። ስለ ጫማ ያነሣ አልነበረም። ጫማውን ሳደርግ ደግሞ ቀሚሱ አልሄድልኝ አለ።» ከጀርባዋ ሁለት ጎረምሶች በርሜል የሚያህል ድስት ተሸክመው ያልባቸዋል። የእሁድ የዱባ ሾርባ ነው። «ይቺ ሴትዮ ከቤቷ ቁርስ በልታ ስለመምጣቷ ማን ዋስ አለኝ?»

ድሃ በመሆን ማንም አልቀደማቸውም፤ መምሰሉ ነው የገደላቸው።

ወይዘሮ ሃስከል ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሴት ነበረች። ሁለተኛውን ሳህን ሾርባ እያጋመሰች ፎርሟን ገለጠች። «ባለፈው ወር በቂ ምግብ ያላገኛችሁበት ቀን ነበር?»

ባለፈው ወር ነበር እንጂ! የኦዲሎን ቤት ስድስት ቀን ሩዝ በጨው ተበልቷል፤ ሁሉም ያውቃል። ኢሊዮዶር ኦዲሎንን በዓይኑ ለመነው። ኦዲሎን ተነሣ፤ ክራባቱን አስተካከለ።

«እመቤቴ፣ የኔ ልጆች ከመጠን በላይ ወፍረው ሐኪም ጋ ልወስዳቸው ነው» አለ። ጉባኤው አጨበጨበ። ካጨበጨቡት አንዱ፣ በልማድ፣ ራሱ ኢሊዮዶር ነበር።

አንድ ተስፋ ቀረው፤ ሳሞአዎቹ ከዚህ የባሰ ሀብታም መስለው እንዲታዩ። «እመቤቴ፣ መንገዱ ያሳስታል፤ እኔ ላሳይዎ» ብሎ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ፒካፖቻቸውን አንድ በአንድ ያስቆጥራታል። አራት ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ዞር ብሎ ያላየውን ግቢ ረገጠ።

ሴኡሊም ለካ ቅዳሜ ዕለት ሕዝቡን ሰብስቦ ኖሯል። «ነገ አሳማ የለም፤ ዳቦና ሻይ ብቻ» ብሎ በሹመቱ አስምሏል። ግን የወይዘሮ ሃስከል መኪና በሩን ሲያልፍ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ጭስ ይግተለተላል። «ለምናልባቱ» ብለው ጎህ ሲቀድ አሳማ የሚጠበስበትን ድንጋይ ያጋሉት ጎረምሶች ናቸው፤ «ለምናልባቱ» የታረዱት አሳማዎች አራት ነበሩ።

ሴኡሊ በር የሚሞላ ሰው ነው። በትሩን ተመርኩዞ ለእንግዳዋ ሃያ አምስት ደቂቃ ንግግር አደረገ። ከንግግሩ በኋላ ሴቶቹ እየዘፈኑ ስስ ምንጣፍ ዘረጉላት፤ ወንዶቹ የታሸገ ሥጋ ካርቶን እግሯ ሥር ደረደሩ። አንድ። ሦስት። ሰባት።

«ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም!» አለች ወይዘሮ ሃስከል፣ ከካርቶኑ በላይ አንገቷ ብቻ እየታየ።

«ስጦታ አይደለም፤ ደንብ ነው» አለ ሴኡሊ። መኪናዋ ላይ መጫን ጀመሩ።

«በአንድ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

«የኔ ቤት አሥራ አራት ነን።»

ኢሊዮዶር ደነገጠ። አሥራ አራት! ይሄ ሰውዬ ሊያሸንፈኝ ነው።

«መኝታው አይጠባችሁም?» አለች እሷ፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

ሴኡሊ ደረቱን ነፋ። «ይጠበኛል? እኔን? አሥር ሰው ብትጨምሪልኝ ደስታዬ ነው! ነገ አምጪያቸው!»

ኢሊዮዶር ትንፋሹ መለስ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ዘጠኙ ጥያቄ አለቀ። ሳሞአዎቹ ሻንጣ በመጫንና ሌሊት በር በመጠበቅ የሚያገኟትን ለለቅሶና ለሠርግ ያወጣሉ፤ ሃይቲዎቹ አልጋ በማንጠፍና ሽማግሌ በማጠብ የሚያገኟትን አገር ቤት ይልካሉ፤ ለራሱ የቀረለት ማንም የለም። በወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም ነገሥታት ነበሩ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ «ከናንተ የባሰ የሚያስፈልገው ማኅበር ታውቃላችሁ?» የሚል ነበር።

ሴኡሊ ኢሊዮዶርን አየው። የተቀደደውን ክርን አየ። ድምፁ ራራ።

«አዎ» አለ። «ለነዚህ ምስኪን ሃይቲዎች ስጧቸው። ከኛ የባሱ ድሆች ናቸው።»

አለቀ! አዳራሹ እጁ ገባ! ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረው። ኢሊዮዶር ጥርሱን ነከሰ፤ እስከ ሦስት ቆጠረ። አራት ላይ ፈነዳ።

«ማን ነው ምስኪን? ማን ነው ድሃ?»

«ለደግ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«ደግነትህን ያዘው! እመቤቴ፣ ይጻፉ፦ ሃይቲ ምንም አልጎደለበትም! ለነሱ ይስጧቸው፤ አሥራ አራት ሆነው አንድ መታጠቢያ ቤት በር ላይ የሚሰለፉት እነሱ ናቸው!»

«እኛ? እኛ አዳራሽ ለማኝ ነን?» ሴኡሊ በትሩን ወለሉ ላይ መታ። «ለነሱ ስጪ!»

«ለነሱ!»

«አልቀበልም፤ ለነሱ!»

ወይዘሮ ሃስከል ፎርሟን አጠፈች።

«ድሮም ንቀትህን አውቀዋለሁ!» አለ ኢሊዮዶር፣ አራት ዓመት ከሁለት ወሩ በአንድ ጊዜ በአፉ እየወጣ። «በሰው ፊት የአሳማ ጭንቅላት የላክህልኝ ሰው! የምድጃ ጎረምሳ አደረግኸኝ!»

ሴኡሊ በትሩን ዝቅ አደረገ። «ለሱ ነው እንዴ ሄደህ የቀረኸው?»

«ታዲያ ለምን ይሆን?»

«አንተ ሰው፣ ያን ቀን ጎህ ሳይቀድ መጥተህ ከልጆቼ ጋር ድንጋይ ስታገላብጥ አልነበረም? አውራ ጣትህ አልተቃጠለም?»

ኢሊዮዶር አውራ ጣቱን ወደ ኪሱ ከተተ። ጠባሳው አሁንም አለ።

«ጀርባው የእንግዳ ነው» አለ ሴኡሊ። «እንግዳ ይበላል፣ ይመሰገናል፣ ይሄዳል። ጭንቅላቱ እሳቱ ላይ ለዋለ ለቤቱ ልጅ ነው። ሠርተህ አብልተኸኝ፣ እንግዳ ነህ ብዬ ልስደብህ ነበር?»

ኢሊዮዶር በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀበት።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ሃይቲዎቹም ሳሞአዎቹም «ኑሯቸው እጅግ የሚያስደስት» ሆኖ ተገኝቷል። አዳራሹ ለወፍ ተመልካቾቹ ተሰጠ። እነዚያ አሥራ አንድ ጡረተኞች ወይዘሮ ሃስከልን ውኃ እንኳ አላቀረቡላትም ይባላል። ማዳም ፊሎሜን በዚያ እሁድ ጸሎት ስሙን ለጌታ ጠርታ ነገረችው፤ ከነአያቱ ስም።

የወሩ የመጨረሻ እሁድ ደረሰ። ጎሚስታው ቁልፉን ተቀብሏል። ኢሊዮዶር ሰማዩ ሳይገረጣ ተነሥቶ ሳሞአዎቹ ግቢ ሄደ። «ይቅርታ» አላለም። ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለ፤ መቆንጠጫ አነሣ፤ የጋለውን ድንጋይ ማገላበጥ ጀመረ። ጎረምሶቹ ተያዩ፤ ቦታ ለቀቁለት። ሴኡሊ በመስኮት አየው።

እኩለ ቀን ላይ ስልሳ ሦስት ሃይቲዎች በባርኔጣና በክራባት አጥሩ ሥር ተደርድረው ቆሙ፤ መሄጃ የላቸውም። አዳራሹ ውስጥ አሳማው ተቆረሰ። ኢሊዮዶር ጥላሸት እንደተቀባ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ያውቃል፦ ጀርባው ከመጣ እንግዳ ነው፣ በልቶ ይሄዳል። ሳህን የያዘችው ልጅ ከጓዳ ወጣች። በላዩ ቅጠል ተሸፍኗል። ወደ ሹሙ ሄደች፤ አለፈችው። ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች፤ አለፈቻቸው። አጥሩ ላይ የማዳም ፊሎሜን ቢጫ ባርኔጣ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል።

ሳህኑ ኢሊዮዶር ጉልበት ላይ አረፈ። ቅጠሉን ገለጠ።

ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

«ምን መጣለት?» ብላ ጮኸች ማዳም ፊሎሜን ከውጭ።

«ጭንቅላት!» አላት ኦዲሎን፣ በጓደኛው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ። «ጭንቅላት ነው!»

እልልታው አዳራሹን አናወጠው። በሩ ተከፈተ፤ ባርኔጣው ሁሉ ጎረፈ፤ የዱባው ሾርባ ድስት በሰው ራስ ላይ እየተቀባበለ ገባ። ሳሞአዎቹ መዘመር ጀመሩ፤ ሃይቲዎቹ በሌላ ዜማ ገቡባቸው፤ ማንም ለማንም አልለቀቀም። ሴኡሊ በሰዉ መካከል ሰንጥቆ መጥቶ ኢሊዮዶር አጠገብ ተቀመጠ፤ አግዳሚው ተንቋቋ።

«አሁንስ?» አለው።

ኢሊዮዶር ዓይኑን በጥላሸታም እጁ ጠረገ። ሳህኑን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ መረመረ።

«ያኛው ይበልጥ ነበር» አለ።