ከቀትር በፊት

ሰውዬው የአውቶቡስ ስምሪት ተቆጣጣሪ ነው። በሥራ ቦታው «ሰከንድ» እያሉ ይጠሩታል፤ አላበዙበትም። መነሻ ሰዓት ከደረሰ፣ አሮጊት ምርኩዟን ይዛ እየሮጠች ብትመጣ እንኳ ፊሽካውን ይነፋል። እናቱ የሞተች ጊዜም ተረኛ ነበር። ተረኛ ያደረገው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የተረኛ ሰሌዳውን የሚያወጣው ራሱ ነው። ለቀብሯ አልሄደም። አባትዬው ከዚያ ወዲያ ስልኩን አንስተውለት አያውቁም፤ እሱም ኩራት ይዞት ሰባት ዓመት ሙሉ አባቱ ወደሚኖሩበት የተራራ መንደር ዝር አላለም።

ባለፈው ሳምንት እህቱ ደወለች።

«አባባ እየረሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው ይለያሉ። ከቀትር በኋላ ግን እኔን ራሱ ‹አንቺ የማን ልጅ ነሽ?› ይሉኛል። ይቅርታ የምትል ከሆነ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረስ።»

እሁድ ማለዳ ሚስቱንና የስድስት ዓመት ልጃቸውን ሚጣን ይዞ የአንድ ሰዓቱን አውቶቡስ ተሳፈረ። የመኪናው መንገድ ተራራው ግርጌ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወንዝ ዳር ዳሩን በእግር ነው። ኪሱ ውስጥ ባለችው ወረቀት ጉዞውን እንደ ስምሪት ከፋፍሎ ጽፎታል፦ ከአውቶቡስ መውረጃ ሦስት ሰዓት፣ ድልድዩ ጋ እረፍት አምስት ደቂቃ፣ መንደር አራት ሰዓት ተኩል። ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባቸው እንደነበር ቆጥሮታል፤ ያኔም መቁጠር ይወድ ነበር።

ውሃው ጥርት ያለ፣ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ነው። ሚጣ በየድንጋዩ ቆመች።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ እግሬን ልንከረው!»

«ስንመለስ።»

«ስንመለስ ይበርዳል እኮ!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እጇን ይዞ ሲጎትታት አዳለጣትና ከነጫማዋ ውሃው ውስጥ ተዘፈቀች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው፤ ልብስ እስኪቀየር፣ ልቅሶው እስኪበርድ ሃያ ደቂቃ ሄደ።

«ልጅ ናት እንጂ አውቶቡስ አይደለችም» አለች ሚስቱ ካልሲውን እየጨመቀች።

አራት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ መንደር የሚባል ነገር አይታይም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ዳገቱ ይብስ ቀጥ አለ፣ ጭጋጉም ወረደ። ሚጣ ደክሟት ጀርባው ላይ አንቀላፍታለች። ትንፋሽ አጥሮት ቆመ፤ ያኔ ነው የገባው። ከአባቱ ጋር የቆጠረው መንገድ ጠዋት አውቶቡስ ሊይዙ የሚወርዱበት ነበር። ማታ ሲመለሱ እሱ የሚደርሰው አባቱ ጀርባ ላይ ተኝቶ ነው። ሽቅቡን አንድም ቀን ቆጥሮት አያውቅም።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ።

ሚጣን ጀርባው ላይ አመቻችቶ መውጣቱን ቀጠለ። አፍሮ ነበር።

መንደር ሲደርሱ ለሰባት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሆኗል። እህቱ በር ላይ ቆማለች። ዓይኑን ማየት ከብዷት፣ «ጠዋቱን ሙሉ ስምህን ሲጠሩ ነበር» አለችው።

አባቱ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሚጣን በር ላይ ለሚስቱ ሰጥቶ፣ አጠገባቸው ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እጃቸውን ያዘ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ለእንግዳ ሰው እንደሚደረገው በትሕትና ፈገግ አሉ። «ምን አጥፍተህ? አላውቅህም እኮ። ከታች ነው የመጣኸው? አውቶቡሱ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«እንግዲያው ልጄ እየመጣ ነው። ተቀይሜው ነበር፣ ሞኝ ነኝ። ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ ልለው ነው። መንገድ ላይ አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ልጁን አዝሎ ዳገቱን እየወጣ ነው።»

«ልጅ አለው እንዴ?» አሉ ሽማግሌው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ወደ እህቱ ዞረ። «ነገ ጠዋት ያውቁኛል?» አላት በሹክሹክታ።

«እንጃ ወንድሜ። ከደወልኩልህ ወዲህ ብሶባቸዋል። በሳምንት አንድ ጠዋት ቢለዩ ነው፤ የዚህ ሳምንቱ ዛሬ ነበር።»

ሽማግሌው በሩን በሩን እያዩ ክንዱን በቀስታ ነካ አደረጉት።

«እባክህ፣ ወንበሩን ልቀቅለት። አሁን ይደርሳል።»

ተነሥቶ ለቀቀ።