ዶክተሩን የነካ ውጉዝ ይሁን

ብሔራዊ ቡድኑ አንድም ጎል ሳያገባ አቻ በወጣ ማግስት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሞላሌ ያለው የወንዳፈራሁ ጎማ ቤት ልቅሶ ቤት መስሎ ዋለ። ወንዳፈራሁ የተነፈሰ ጎማ ገንዳ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ከመደርደሪያው ላይ ሬዲዮው ያወራል። ተንታኞቹ የሚሉት ሁሉ አንድ ነው፤ ተከላካይ አለን፣ ሯጭ አለን፤ ኳስ ይዞ ቀና ብሎ፣ ሌላው ያላየውን ቀዳዳ አይቶ የሚያሳልፍ ጨዋታ አቀጣጣይ ግን የለንም።

"አለ እንጂ" አለ ወንዳፈራሁ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ። "ሞላሌ ተቀምጦ በግ ይወጋል።"

በሩ ላይ ቆሞ የሞተር ሳይክሉን ጎማ የሚጠብቀው ቴዎፍሎስ ፈገግ ብሎ ወደ መንገዱ ዞረ። በግ የሚወጋው እርሱ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ወደ ሞላሌ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዶክተር ብሎ ጠራው፤ መጀመሪያ ላይ ዶክተር አይደለሁም እያለ ያርም ነበር፣ በኋላ ሰለቸውና ተወው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለከተማው ቡድን ይጫወታል፤ አሰልጣኙ ይኸው ጎማ ጠጋኙ ወንዳፈራሁ ነው። አሥር ቁጥር ማለያ ሰጥቶ መሀል ላይ ያቆመው እርሱ ነው።

"እሑድ ይመጣል" አለ ወንዳፈራሁ።

"ማን?"

"የደብረ ብርሃኑ ክለብ ተጫዋች መልማይ ነዋ። የቆላ ነጋዴዎቹ ቡድን ለቅዳሜው ገበያ ሲመጣ አድሮ እሑድ ሊገጥመን ነው። ና ብዬ ደወልኩለት። ከወደደህ ክለቡ ይወስድሃል። ከዚያ ወዲያ ብሔራዊ ቡድን ስንት መንገድ ነው?"

"ክሊኒኩስ?"

"ክሊኒኩን ለቅቀህ ነዋ። አንድ ሰው በሁለት በሬ ሁለት እርሻ አያርስም።"

የቴዎፍሎስ ልብ ቆርጧል። መልማዩ ና ካለው ሊሄድ ነው። ሥራውን ከለቀቀ እንደማይመልሱት ያውቃል፤ እርሱ ከመምጣቱ በፊት ያ ቦታ በጀት የለም ተብሎ ለዓመታት ተዘግቶ ኖሯል፣ እርሱም የተመደበው ብዙ ደጅ ጠንቶ ነው። የጨነቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር። እዚያ ደርሶ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ፣ አቀጣጣይ የተባለው ሰው ምንም የማያቀጣጥል ሆኖ ቢገኝስ?

በሥራው ጥንቁቅ ሰው ነው። በግ ሲያመጡለት ትኩሳቷን ሳይለካ፣ የድዷን ቀለም ሳያይ፣ ጎኗ ላይ ጆሮውን አድርጎ አተነፋፈሷን ሳያዳምጥ የበሽታ ስም አይጠራም። በአንድ ምልክት ብቻ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ያናድደዋል። ስለ ራሱ ጨዋታ ግን የያዘው አንድ ምልክት ብቻ ነበር፤ ጊዜ። ኳስ እግሩ ላይ ሲደርስ ዓለም ዝግ ትልለታለች። ቀና ይላል፣ ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ ይመርጣል፣ ያሳልፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ካቻምና ክረምት ምንይሉ የሚባለው ተከላካይ በልምምድ ላይ ሸርተቴ ወርዶ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሮት ነበር። ከአልጋ ተነሥቶ ወደ ሜዳ ሲመለስ ነው ያ ጊዜ የመጣለት። ተኝቼ በስልኬ ብዙ ጨዋታ ስላየሁ ነው፣ ዓይኔ በሰለ፣ ብሎ ደመደመ።

ሐሙስ ዕለት እትዬ በለጠች ዘንድ ሄደ። የሚያነክሱ በጎች አሏቸው። ምንይሉ ልጃቸው ነው፤ በጓን አጋድሞ እግሯን ይዞለታል፣ ቴዎፍሎስ ሰኮናዋን ይጠርባል፣ እትዬ በለጠች ቆመው ያያሉ።

"እሑድ ሊወስዱህ ነው አሉ" አሉት።

"አይተው ከወደዱኝ ነው፣ እትዬ።"

"መውደዱንስ ይወዱሃል። ማን ነክቶህ።"

ቢላዋው ሰኮናው ላይ ቆመ። "እንዴት ማን ነክቶኝ?"

እትዬ በለጠች ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አልነገራችሁትም እንዴ?"

ምንይሉ ፊቱን ወደ በጓ ጠጉር ደፋ። ይህ ሰው ሜዳ ላይ የወንድሙን እግር እንኳ የማይምር ነው፤ ወንዳፈራሁ "ማጭድ" ነው የሚለው። ቴዎፍሎስ ድንገት አንድ ነገር ታየው። በልምምድ ሁልጊዜ በተቃራኒ ወገን የሚሰለፈው ምንይሉ፣ ካገገመ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ሸርተቴ ወርዶበት አያውቅም። ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ቆሞ ያጅበዋል እንጂ አይደርስበትም። ቴዎፍሎስ ሸውጄ እንዳላልፈው ፈርቶ ነው ይል ነበር።

"ምንይሉ፣ ምንድን ነው ያልነገራችሁኝ?"

"እማዬ ትንገርህ። እኔ አፌን አልከፍትም።"

"ምን ያሳፍራል?" አሉ እትዬ በለጠች። "ያን ክረምት ይኼ ከይሲ እግርህን ሰብሮ አስተኛህ። አንተ ተኝተህ የሳንባ በሽታ ገባ። የሚወጋልን ጠፋ፣ የእኔ ጋጣ ባዶውን ቀረ። የሚካኤል ማኅበር ላይ ነገሩ ተነሣና መምሬ ጫኔ ጎረምሶቹን ሁሉ ሰብስበው ገዘቱ።"

"ምን ብለው?"

"ዶክተሩን በሜዳ የነካ፣ እግሩ ሥር የገባ፣ ኳስ የነጠቀው ውጉዝ ይሁን ብለው።"

"ኳስ የነጠቀው?"

"መንጠቅ መንካት ያመጣል ብለው ነው" አለ ምንይሉ፣ ከጠጉሩ ውስጥ። "እኔማ ንክቻውን ይከልክሉን፣ ንጥቂያውን ይተዉልን ብዬ ለምኜ ነበር።"

"ጎረቤት ቀየት ሄደን ስናሸንፍስ? ያን ዕለት ማንም አልደረሰብኝም እኮ።"

"ቀየትስ የምትከትብላቸው አንተ አይደለህ?" አሉ እትዬ በለጠች። "መምሬ ለእነሱም ላኩባቸው። ቀየቶች እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነው የተገዘቱት።"

ቴዎፍሎስ ሰኮናውን ጠርቦ ጨረሰ። ፊቱ በብርድ እንደተመታ ሰው ቀላ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መምሬ ጫኔ ቤት ወጣ። መምሬ በርኖሳቸውን ተጠቅልለው ነፋስ የማይደርስበት ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀላቸውን ተሳልሞ ተቀመጠ።

"ግዝቱን ይፍቱልኝ፣ አባ።"

"ምን አደረገህ? እግርህ ዳነ፣ በጉ ተረፈ።"

"እኔ ኳስ ተጫዋች መሆኔንና አለመሆኔን አላውቅም። በእርስዎ ግዝት ምክንያት።"

"ለመሆኑ ይህን ማወቅ ለማን ይጠቅማል?"

"ሥራዬን ልለቅ ነው፣ አባ። ከመልቀቄ በፊት ማወቅ አለብኝ።"

መምሬ መልቀቁን አልሰሙም ነበር። ጢማቸውን አሻሹና "አልፈታም" አሉ። "ዛሬ ብፈታ ነገ ምንይሉ ይሰብርሃል፤ ልጁን አውቀዋለሁ፣ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ግን ስማኝ። እሑድ የሚመጡት የቆላ ሰዎች በእኔ ቃል አይታሰሩም፣ ሙስሊሞች ናቸው። ሸኻቸው ዘንድም ልኬ ነበር፤ የአንድ አገር ሰዎች ነን፣ ይከለክሉልኛል ብዬ። ምን ብለው መለሱ መሰለህ? 'የእኛን በግ አያክም፤ ኳስ ደግሞ ኳስ ነው።'" ሳቅ አፈናቸው። "እንግዲህ ፈተናህ ከቆላ ይመጣል። እኔ ስለ እግርህ እጸልያለሁ።"

ወንዳፈራሁ ግን ቴዎፍሎስ ነገሩን ሲነግረው አንዱንም አልሰማ አለ። "ግዝት ዓይን አይሰጥም" አለው። "ሌላው ቢርቅልህም ቀዳዳዋን ያየኸው አንተ ነህ። ዝም ብለህ ተጫወት።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሜዳውን ከበበ። የሞላሌ ሜዳ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፣ ነፋሱም ኳሱን ወደዚያው ይገፋል። መልማዩ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የጃኬቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው አንሥቶ ጥግ ላይ ቆመ። ቆላዎቹ ብርዱ ገና ሳይጫወቱ አሸንፏቸዋል፤ እጃቸውን በማለያቸው እጅጌ ውስጥ ደብቀዋል። ከእነርሱ መካከል ቴዎፍሎስን እንዲይዝ የታዘዘው ኸይረዲን የሚባል፣ ከአባቱ ጋር የበግ ንግድ የሚነግድ ቀጭን ወጣት ነበር።

የመጀመሪያዋ ኳስ መጣች። ቴዎፍሎስ እንደ ወትሮው አቆማት፣ ቀና አለ፣ ግራ አየ። ቀኝ ሊያይ ሲል እግሩ ሥር ምንም አልነበረም። ኸይረዲን ኳሱን ይዞ ሄዷል።

ከሕዝቡ አንዱ "አይዞህ ዶክተር፣ አሳስቶህ ነው" አለ።

ሁለተኛዋንም ነጠቀው። ሦስተኛዋን ሰውነቱን አዙሮ ሊከልል ሞከረ፤ ከእግሮቹ መካከል ሌላ እግር ገብቶ ወሰዳት። ቀጥሎ ኳሱ ሳይደርስ ዙሪያውን ለማየት ሞከረ፤ አየም፣ ኳሷ ስትደርስ ግን ያየው ሁሉ ቦታውን ለውጦ ጠበቀው። ኸይረዲን ከፍታው አልተስማማውም፤ በየመሀሉ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። እንዲያም ሆኖ ኳስ ወደ ቴዎፍሎስ ስትሄድ ቀድሟት ይደርሳል።

"አትተኛ፣ ወንድሜ" አለው አንዴ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ስድብ አልነበረም፣ ምክር ነበር።

"እትዬ በለጠች፣ ይህንንም ልጅ ያስገዝቱልን" ብሎ አንዱ ከዳር ጮኸ፣ ሰውም ሳቀ። ምንይሉ ከኋላ መስመር ሆኖ በንዴት ይቁነጠነጣል፤ ዶክተሩን ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርገው ማየት ለእርሱ የማይቻል ነገር ሆኖበታል።

ቴዎፍሎስ መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ ተናደደ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ግን፣ ኸይረዲን አንዲት ኳስ ነጥቆት ሲሮጥ ከኋላው ቆሞ እያየው፣ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ሲላላ ተሰማው። ያውቀዋል ይህን ስሜት። በበግ ቆዳ ላይ ቁስል አይቶ ፈንጣጣ ነው ብሎ ሲደነግጥ፣ መንደሩ ሁሉ አለቀ ሲል፣ ጠጉሩን ገልጦ የእሾህ ጭረት ብቻ ሆኖ ሲያገኘው የሚመጣው እፎይታ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ እንቅልፍ የነሣው፣ በትልቅ ሜዳ በብዙ ሰው ፊት ይገለጣል ብሎ የፈራው ነገር፣ እነሆ እዚሁ ሞላሌ፣ በሚያውቀው ነፋስ መካከል፣ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ተገለጠ። አንድም ሰው አልሞተም።

ሁለተኛውን አጋማሽ እንደ ልጅ ተጫወተው። ተነጠቀ፣ ሮጦ ሊመልስ ሞከረ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ሲወድቅ የሞላሌ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ይውጣል፤ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ሞላሌ ተሸነፈ።

ከጨዋታው በኋላ መልማዩ ወደ እርሱ መጣ፤ ወንዳፈራሁ ጎማ እንደፈነዳበት ሰው ፊቱን አጨማዶ ይከተለዋል።

"ዓይን አለህ" አለው መልማዩ። "ውሸት አልነገሩኝም። ግን ዓይንህ የሚሠራው ሌላው ቆሞ ሲጠብቅህ ነው።"

"ይጠብቁኝ ነበር" አለ ቴዎፍሎስ፣ ስለ ግዝቱም ነገረው።

መልማዩ አልሳቀም። "በየሄድኩበት ይኸው ነው" አለ። "አንዱ ጋ የወረዳው ሹም ልጅ ነው፣ አንዱ ጋ የኳሱ ባለቤት ነው፣ ሌላው ጋ አስተማሪ ነው። የሚከበር ሰው መሀል ላይ ይቆማል፣ ማንም አይደርስበትም፣ እኛም አቀጣጣይ ተገኘ ተብለን እንጠራለን። ደብረ ብርሃን ስናደርሰው ኳስ ትጠፋበታለች። ብሔራዊ ቡድኑ ሰው ያጣው እንዲህ ሆኖ ይመስለኛል። ለመሆኑ በአንተ ቦታ እዚህ ሊቆም የሚችል፣ ማንም የማያከብረው ልጅ የለም?"

ወንዳፈራሁ ወደ ሜዳው ዞሮ ልጆቹን አንድ በአንድ አየ። ራሱን እንኳ ጠይቆ የማያውቀው ጥያቄ ነበር።

"እኔ የለሁበትም ማለት ነው?" አለ ቴዎፍሎስ፣ በትክክል ሲነገረው ለመስማት ፈልጎ።

"የለህበትም። አዝናለሁ።"

ትንሽ አልከፋውም ማለት ውሸት ነው። ያቺ ዓለም ዝግ የምትልበት ሰዓት የእርሱ መስላው ኖራ ነበር። ነገር ግን የመልማዩን እጅ ሲጨብጥ የራሱ እጅ ሞቃትና የረጋ ነበር፤ ረጅም መንገድ የተሸከመውን ሸክም አውርዶ ገና ወገቡን ያላቃና ሰው ይመስል ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

ጫማውን ሲፈታ ኸይረዲን ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጣ። ፊቱ ላይ ኀፍረት ይታያል።

"የእንስሳት ሐኪም ነህ አሉኝ።"

"ነኝ።"

"ትናንት ከገበያ የገዛናቸው ሙክቶች አሉ። አንዱ ከሌሊት ጀምሮ ያስለዋል፣ አፍንጫውም ይፈሳል። አባቴ ሳይጫኑ ይታዩ ይላል።" መሬቱን በእግሩ ጫረ። "ወንድሜ፣ ሐኪም መሆንህን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ እንዲያ አልነካህም ነበር።"

"እንኳን አልነገርኩህ" አለ ቴዎፍሎስ።

ይህን ያለው አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ በካልሲ ሆኖ ነው። ከዚያ ሌላውን ጫማ ፈትቶ የሥራ ቦቲውን አጠለቀና የመድኃኒት ሣጥኑን ከሞተሩ ላይ አወረደ።

"ሌሎቹስ ያስላሉ ወይስ እርሱ ብቻ ነው?"

"እርሱ ብቻ።"

"መኖ ይበላል?"

"ጠዋት አልበላም።"

"ከሌሎቹ ለይታችሁ አስራችሁታል?"

"አልለየነውም።"

"እንግዲያው ቶሎ እንሂድ" አለና ሣጥኑን ተሸክሞ መኪናዎቹ ወደ ቆሙበት ቀድሞት ወረደ።